አዲስ ልማድ፦ አንድ በአንድ ወይስ ሁሉንም በአንድ ቀን? (ድሬዎች ፍረዱን)

የከዚራ ጥላ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ነገር ሳንግባባ ሰነበትን፣ እስቲ ፍረዱን።

ማስተካከል የምፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ማልዶ መነሳት፣ ጠዋት በእግር መሄድ፣ በቀን ጥቂት ገጽ ማንበብ፣ ከደሞዝ ቆርጦ ማስቀመጥ፣ ማታ ማታ ስልክ መተው፣ ጫትን ከየቀኑ ወደ እሁድ ብቻ ማውረድ። ጓደኛዬ «ወር ሲገባ ስድስቱንም ጀምር፣ ግማሽ ለውጥ ብሎ ነገር የለም» ይላል። እኔ ደግሞ አንዱ ሲይዝ ሁለተኛውን ልቀጥል ባይ ነኝ። ግን ከየቱ ልጀምር? አንዱ «ያዘ» የሚባለውስ መቼ ነው?

ስራዬ መለዋወጫ ሱቅ ነው። የድሬን ቀን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ላይ ሌላ ሰው ነኝ። ቀትር ላይ ሱቁ ተዘግቶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሙቀቱ መጋረፍ ሲጀምር አንዱ ይደውልና «የት ነህ?» ይላል፣ በቃ ቀኑ አለቀ። ስለዚህ «በሌሊት ተነስተህ ቀዝቃዛ ሻወር ውሰድ» የሚል ምክር እንዳታመጡብኝ። እኛ ጋ ቀዝቃዛ ሻወር ሽልማት ነው።

ሳቢያን ነርስ፦

አንድ በአንድ። ጓደኛህን ሰላም በልልኝ።

መጀመሪያ ያቺን «21 ቀን» የምትባለዋን ነገር እንጣላት፣ አሁን አንዱ ይዟት መምጣቱ አይቀርማ። መነሻዋ ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ታካሚዎቹ የተቀየረ ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ጠቀሰ። ሰውዬው ስለ አፍንጫ ነው ያወራው። ሰዉ ወስዶ የስፖርትና የቁጠባ ሕግ አደረገው።

ተለክቶ የታየው ሌላ ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታተሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። ልብ በል፣ እያንዳንዱ ሰው የመረጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም በየቀኑ ከሚያደርገው ነገር ጋር አያይዞ ነው። አንዱ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ሌላው ከእራት በፊት ሩብ ሰዓት መሮጥ። ነገሩ ሳይታሰብ ለመሆን የፈጀው ጊዜ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ተለያየ፣ መሃሉ 66 ነው። ውሃ መጠጣት ዓይነቱ ቶሎ ይይዛል፣ ስፖርት ይዘገያል። አንድ ቀን መዝለልም የተጀመረውን አላበላሸውም።

«መቼ ያዘ» ላልከው፣ ቀን አትቁጠር። ልታደርገው ስትል ከራስህ ጋር መከራከር ስታቆም ያኔ ይዟል።

ዋርያ ነኝ፦

254 ቀን? አቦ ይሄማ እርግዝና ነው!

ሳቢያን ነርስ፦

ሳቅ አይደለም እንጂ 254 ቀን የጠበቀ ሰው የለም። ጥናቱ በ84 ቀን አልቋል፣ ከዚያ በላይ ያለው በስሌት የተገመተ ነው።

የጁገል ልጅ፦

ከሐረር ነኝ፣ ድሬዎች ከፈቀዳችሁ አንድ ነገር ልበል።

እህቴ ያመጣሽው ጥናት ጥሩ ነው፣ ግን በየዓመቱ ዓይናችን ስር የሚሆነውን አይመልስም። የረመዳን ጨረቃ በታየች ማግስት አንድ ከተማ ሙሉ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ሲጋራውን፣ ጫቱን፣ የማታ ፕሮግራሙን በአንድ ሌሊት ይቀይራል። ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ሰው እስከ መግሪብ አይነካም። ጫት የቀን ወዳጁ የነበረው እስከ ማታ ይጠብቃል። ማንም 66 ቀን አልፈለገም፣ ማንም በእንቅልፍ ልጀምርና ምግቡን ወደፊት አስተካክላለሁ አላለም። የክርስቲያን ጎረቤቶቼም ሁዳዴ ሲገባ ያው ናቸው፣ ሰኞ ነግቶ ስጋና ወተት ቆመ ማለት ቆመ ነው፣ ለ55 ቀን።

ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ መቀየር አይቻልም የምትሉት ነገር አልገባኝም። እኛ ሰፈር በየዓመቱ ይቻላል። የጓደኛውን ሐሳብ ቶሎ አታጣጥሉት።

ሳቢያን ነርስ፦

ጥሩ ብለሃል። የዒድ ማግስትስ?

የጁገል ልጅ፦

ጥያቄሽ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶኛል። አዎ፣ ብዙው ይመለሳል፣ አልክድም።

ለምን ይመለሳል የሚለውን ግን እንየው። በረመዳን ቀን ላይ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። እናትህ ለሱሁር ትቀሰቅስሃለች፣ ባትነሳ ሁለተኛ ትመጣለች። ማታ ጓደኞችህ ተራዊህ ላይ ናቸው፣ ብቻህን የት ትሄዳለህ? የሚበላው፣ የሚጠራው፣ የሚገናኘው ሁሉ ቦታውን ቀይሯል፣ አንተ የምትወስነው ትንሽ ነው። ዒድ ሲሆን ከተማው ራሱ ወደ ድሮው ይመለሳል፣ አንተንም ይዞህ ይመለሳል። ፈቃደ ደካማ ስለሆንን አይመስለኝም። ፈቃደ ደካማ የሆነ ሰው እንዴት 30 ቀን ውሃ ሳይጠጣ ይውላል፣ ያውም ሙቀት ላይ?

እኛ ሐረር ውስጥ ደሞ የሸዋል ስድስት ቀን ጾም አለ። ከዒድ በኋላ ብዙ ሰው በፈቃዱ ይጾመዋል፣ ሲያልቅ ሸዋሊድ ይከበራል፣ ያ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው በዓላችን። ከሠላሳው ቀን ግዴታ ወጥተህ ወዲያው ባዶ ሜዳ ላይ አትጣልም። ትንሽ የምትይዘው ነገር ይሰጥሃል፣ መጨረሻው ላይ ደስታ አለው። ከረመዳን አንድ ነገር ተርፏቸው ሲቀጥሉ ያየኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ያልሰነፉት ናቸው። የቀጠሉት ግን አንዱን ነው፣ ሁሉንም አይደለም። ስለዚህ ፍርዴ ግማሽ ግማሽ ነው። ከተማ አብሮህ ከተቀየረ ሁሉንም በአንዴ፣ ብቻህን ከሆንክ አንድ በአንድ።

የከዚራ ጥላ፦

ወላሂ እንዲህ አስቤው አላውቅም። ጓደኛዬ እየተከታተለ ነው፣ አሁን ደውሎ «ሐረሬው ከኔ ጋር ነው» ብሎ ፎከረ፣ የመጨረሻውን አንቀጽ ሳያነብ።

ታይዋን ጀርባ፦

መምህር ነኝ፣ ታሪክ ነው የማስተምረው። ለከዚራ ጥላ የሚሆን አንድ የቆየ ምሳሌ አለ፣ ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን። ይሄ ሰውዬ በወጣትነቱ 13 መልካም ጠባዮችን ዘረዘረና እንደ ጓደኛህ በአንዴ አልተነሳም። በሳምንት አንዱን ብቻ ዋና ትኩረቱ አደረገ፣ 13 ሳምንት ሲሞላ እንደገና ከመጀመሪያው። በዓመት አራት ዙር ይወጣዋል። ትንሽ ደብተር ነበረችው፣ ያጠፋባቸውን ቀኖች በጥቁር ነጥብ ምልክት ያደርግ ነበር።

እኔ የምወድለት ግን ቆጠራውን ሳይሆን አሰላለፉን ነው። መጀመሪያ ያስቀመጠው በመብልና በመጠጥ ልከኛ መሆንን ነው። ምክንያቱንም ይናገራል፣ ራስን ንጹሕና ንቁ ያደርጋል፣ ንቁ ራስ ደግሞ ለቀሩት ሁሉ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ዝምታ ሆነ፣ እንዲህ እያለ ፊተኛው ለኋለኛው መንገድ እንዲጠርግ አድርጎ ነው የደረደረው። በጣም ያስቸገረው ሥርዓት ነበር፣ ዕቃን በቦታው ሥራን በሰዓቱ ማለት ነው፣ እስከ መጨረሻው እንዳልተሳካለት ራሱ ጽፏል። ትሕትናን ደግሞ መጀመሪያ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም ነበር፣ አንድ ወዳጁ «ትዕቢተኛ ነህ ይባላል» ቢለው ነው 13ኛ አድርጎ የጨመረው።

ሳምንት በጣም አጭር ነው፣ ነርሷ ያመጣችውን ጥናት ካየን። ጥያቄው ግን ትክክለኛው ነው፦ ከስድስቱ ሌሎቹን የሚያቀልልህ የቱ ነው?

ቀፊራ፦

ወንዶች ስትባሉ ፍራንክሊን ድረስ ሄዳችሁ? እስቲ ወደ ገበያ ተመለሱ።

እኔ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው የምሸጠው። ቀኔ የኔ አይደለም። ልጆች አሉ፣ ውሃ የሚመጣበት ቀን አለ፣ ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ተነስተሽ ትቀጂያለሽ። «ሁልጊዜ በ12 ሰዓት ይህን አድርጊ» የሚል ነገር ለኔ አይሰራም። ሰዓት ሳይሆን ሥራ ነው የምይዘው። እቃ ሸፍኜ ስጨርስ፣ ባጃጅ ከመጥራቴ በፊት፣ የዛሬውን ሽያጭና ዱቤ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። መሸፈኑ መቼም አይቀርም፣ አራት ሰዓትም ይሁን አስራ ሁለት ሰዓት ይሸፈናል፣ ስለዚህ መጻፉም አይቀርም።

ከዚያ ሌላው ራሱ መጣ። መጻፍ ስጀምር ዱቤ የት እንደሚሄድ ታየኝ፣ ዱቤ ቀነስኩ። ዱቤ ሲቀንስ እጄ ላይ ብር መቆየት ጀመረ፣ እቁብ ገባሁ። እቁብ ደግሞ ሐረሬው እንዳለው ነው፣ ብቻሽን አይደለሽም። ቀኑ ሲደርስ ሰብሳቢዋ ቆማ ትጠብቅሻለች፣ «ዛሬ አልተመቸኝም» አይባልም፣ ያፍራል ሰው። ቤት ውስጥ ጣሳ አስቀምጠሽ ብትቆጥቢ ግን ልጅ በታመመ ቀን ትከፍቺዋለሽ።

ለከዚራው ልጅ፣ ቁጠባህን ለራስህ አደራ አትስጠው። እቁብ ግባና እርሳው፣ ስድስቱ አምስት ሆኑልህ።

ዋርያ ነኝ፦

ቀፊራ አቦ ይመችሽ! ከፍራንክሊን ያንቺ ይሻላል፣ ዱቤ ላይ ነው ገና ያልደረሰው።

ስድስቱም በአንዴ፦

እኔ ያ የታማው ጓደኛ ነኝ። አካውንት የከፈትኩት ለዚህ ነው።

አንድ ስሌት ልስጣችሁ። ስድስት ልማድ፣ እያንዳንዱ 66 ቀን፣ ስንት ነው? 396። ከዓመት በላይ! ይሄ ልጅ እንኳን ዓመት አንድ ወር አንድ ነገር ላይ አይቆይም፣ አብረን ነው ያደግነው። ሰው የሚነሳሳው አንዴ ነው። በዚያች ሰዓት ሁሉንም ካልጀመረ፣ ሁለተኛው ተራ ሲደርስ ወኔው የለም። ደሞ «ውሃ በመጠጣት ጀምር» የምትሉት ትንሽ ትንሽ ነገር ሰውን ያዘናጋል። ውሃ ጠጥቶ የተለወጠ መስሎት ቁጭ ይላል።

ሳቢያን ነርስ፦

የመጨረሻዋ ነጥብህ እውነት አላት፣ እቀበላለሁ። ውሃ ጠጥተው ቁጭ የሚሉ አሉ።

ስሌትህ ግን ስድስቱን የተለያዩ አድርጎ ነው የቆጠረው። አይደሉም። እስቲ የጓደኛህን ቀን ተከተለው። ከምሳ በኋላ በርጫ ይገባል። ጫት ያነቃቃል፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፣ ለዚያ ነው ትኩስ ካልሆነ ማንም የማይፈልገው፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ይቀንሳል። ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላል። እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው አልጋ ላይ ምን ይዞ ይቆያል? ስልክ። ሌሊት ከተኛ ማልዶ አይነሳም፣ ካልተነሳ አይራመድም፣ በቀን ደክሞት አያነብም። ጫቱም በነጻ አይመጣም፣ ብሩም ከዚያው ነው የሚወጣው። ይኸው ስድስቱም በአንድ ክር ተያይዘዋል፣ ጫፉ ደግሞ ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት ነው።

ስለዚህ «ማልዶ መነሳት» ብሎ መጀመር ከጭራው መያዝ ነው።

ስድስቱም በአንዴ፦

እሺ፣ ታዲያ ከጫት ይጀምር በይ። ከሁሉ የሚከብደውን መጀመሪያ? ይሄ ነው «ቀስ በቀስ»?

ለገሀር ማዶ፦

ልጆች፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ምድር ባቡር ነው። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር።

ነርሷ ቀኑን በትክክል አይታዋለች። ግን ጫትን ከማንበብና ከመራመድ ጋር አንድ ዝርዝር ውስጥ ስታስገቡት ትንሽ ደነቀኝ። በርጫ እኮ ቅጠሉ ብቻ አይደለም። ቦታ አለ፣ የራስህ ትራስ ያለበት ጥግ አለ፣ ወሬ አለ፣ ሥራ የሚገኘው እዚያ ነው፣ ሽምግልና የሚጨረሰው እዚያ ነው፣ የታመመ ሰው የሚወራው እዚያ ነው። ይሄን ሁሉ ከሰው ላይ ነጥቀህ በምትኩ ምን ትሰጠዋለህ? መጽሐፍ? ብቻውን ክፍል ውስጥ ቁጭ አድርገህ? በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ያገኙታል። እኔ ስንቱን አይቻለሁ፣ «ተውኩ» ብሎ ከሰው ተለይቶ ቤቱ የገባውን፣ ሲመለስ ከድሮው ብሶ ነው።

የቆዩት ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ሰውን አልተዉም፣ ሰዓቱን ነው የያዙት። ከጓደኞቻቸው ጋር ከቀትር በኋላ መገናኘቱን ወደ አመሻሽ አዛወሩት፣ ነፋሱ ሲመጣ ከዚራ ዛፎቹ ስር ሻይ ላይ። ያንን ትኩስ ሰዓት ደግሞ ተኙበት። ድሬ ቀትር ላይ የሚተኛው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ድሮም ሙቀቱ ያስገድዳል። ምሳ ብላ፣ ተኛ፣ ተነስተህ ሱቅህን ክፈት። ይሄን አያቶቻችን ያውቁታል።

ታይዋን ጀርባ፦

ጋሼ ያሉት ነገር በጥናትም የተደገፈ ነው። ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮችን ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አጥንታ ነበር። ከነሱ ብዙ ሰው እዚያ ሄሮይን ተጠቅሟል፣ ከአምስት አንዱ ገደማ ሱስ እንደያዘው ተናግሯል። መንግሥት አገር ቤት ሲገቡ መዓት ይመጣል ብሎ ፈርቶ ነበር። ግን ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱስ የያዛቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ቦታው፣ ጓደኛው፣ ፍርሃቱ፣ ሁሉም እዚያ ቀርቷል። የእኛ ችግር ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ የትም አንሄድም፣ ያው ሰፈር ነን።

እና ጋሼ፣ የአመሻሹን ሻይ ሐሳብዎን ወድጄዋለሁ።

ለገሀር ማዶ፦

«ሐሳብዎን» ተወኝ አንተ፣ ድሬ ነው ያለነው።

ሳቢያን ነርስ፦

እሱን ተስማምቻለሁ። አንድ ነገር ልጨምር ግን፣ ለከዚራ ጥላ ብቻ ሳይሆን ለሚያነበው ሁሉ። ለዓመታት በየቀኑ የቃመ ሰው በድንገት ሲያቆም መጀመሪያ ላይ ድካም፣ ንጭንጭ፣ ከመጠን ያለፈ እንቅልፍ ይመጣል፣ ማታ ደግሞ ዱካክ። የሚያስፈራ ሕልም ሲታይህ «መተዉ ነው የጎዳኝ» እንዳትል። ያልፋል። ለሱ ብለህ ተመልሰህ እንዳትገባ ብቻ። ከባድ ጭንቀት ወይም የማይሆን ነገር መስማትና ማየት ካለ ግን ቤት ውስጥ አትታገል፣ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ደሞ ጠዋት በባዶ ሆድ ኢጀበና፣ ማለትም የጠዋት ጫት፣ የሚይዝ ካለ የሱ ጉዳይ ሌላ ነው። እሱ የሰዓት ሽግሽግ ብቻ አይበቃውም።

ገንደ ቆሬ፦

እኔ ሁላችሁም ያበዛችሁት ይመስለኛል። ሰንጠረዥ፣ ጥናት፣ ፍራንክሊን። ሰው ሲፈልግ ያደርጋል፣ ሳይፈልግ አያደርግም። አለቀ።

ቀፊራ፦

ገንደ ቆሬ ወንድሜ፣ ሲደወልልህ «የት ነህ» ሲሉህ አንድ ቀን እንኳ ሳትፈልግ ሄደህ አታውቅም?

ገንደ ቆሬ፦

አሁን ራሱ እየሄድኩ ነው።

ዋርያ ነኝ፦

😂😂 ቀፊራ ገደለችው።

ታይዋን ጀርባ፦

የስልክ ጥሪውን ነገር ግን አንለፈው፣ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው እሱ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 የጻፈው አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። «ከአሁን በኋላ እቀንሳለሁ» ብሎ ከመወሰን ይልቅ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ ቀድሞ ማሰር ይበልጥ ይሠራል። ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ማሰብ አይጠበቅብህም፣ ሐሳቡ አስቀድሞ አልቋል። የከዚራ ጥላ በዚያ ሙቀት፣ ሆዱ ሞልቶ፣ ጓደኛው እየሳቀ በስልክ ሲጠራው መመካከር ከጀመረ ተሸነፈ። መልሱን ጠዋት ማዘጋጀት አለበት። «ተኝቼ ልነሳና 11 ሰዓት ላይ ሻይ እንገናኝ።» ይቺን ብቻ። እምቢ አላለም፣ ሰዓት ነው የቀየረው።

ስድስቱም በአንዴ፦

ችግሩ የሚደውለው እኔ ነኝ።

ሳቢያን ነርስ፦

ይሄን መጀመሪያ ብትነግረን ኖሮ ይሄን ያህል አንደክምም ነበር።

የጁገል ልጅ፦

እንዲያውም ጥሩ ዜና ነው። ብቻህን ከሆንክ አንድ በአንድ ብዬ ነበር፣ ሁለት ከሆናችሁ ግን ትንሽ ከተማ ናችሁ። አንተ በዚያ ሰዓት ካልደወልክ የሱ ግማሽ ሥራ አለቀ።

ስድስቱም በአንዴ፦

እኔ አልደውልም፣ እሺ። ግን እኔስ የት ልሂድ በዚያ ሰዓት? ስለኔ ማንም አልጠየቀም።

ለገሀር ማዶ፦

ተኛ አልኩህ እኮ።

የከዚራ ጥላ፦

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ አመሰግናለሁ፣ አንዳንዱን ሁለቴ አነበብኩት። እንዲህ ላደርግ ነው።

እቁቡን አሁኑኑ እገባለሁ፣ እዚያው መለዋወጫ ተራ አንድ እየተሰበሰበ ነው። ቀፊራ እንዳለችው እሱን ከዝርዝሩ ሰረዝኩት፣ የኔን ጉልበት አይፈልግም። ከቀሩት መጀመሪያ የምይዘው የቀትሩን ሰዓት ነው። ምሳ በልቼ እጄን ስታጠብ ስልኩ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ እኔ እተኛለሁ፣ ሱቅ ስከፍት ይወጣል። ሌላ ምንም አልጨምርም። ጫቱን «ተውኩ» ብዬ አላውጅም፣ እሁድ ብቻ ባልኩት መንገድ ነው የምሄደው፣ የሚቀረው ቀን ግን 11 ሰዓት ላይ ሻይ ነው። የማታ እንቅልፉ በዚህ ከተስተካከለ የጠዋቱን ያኔ አያለሁ። ካልተስተካከለ ደግሞ እመለስና እጠይቃችኋለሁ።

የማልስማማው አንድ አለ። ነርሷ ማልዶ መነሳትን ከጭራው መያዝ ነው ብላለች። ልክ ነሽ፣ ግን በእግር መሄዱን ለብቻው ብነጥለውስ? ጠዋት መሆኑን ትቼ አመሻሽ ላይ፣ ከሻዩ ጋር? ከለገሀር እስከ ከዚራ ዛፉ ስር ነው መንገዱ፣ ጥላ አለ፣ ከሰው ጋርም ነው።

ሳቢያን ነርስ፦

ይቻላል። እንዲያውም ይሻላል፣ ከሻዩ ጋር ከታሰረ ለብቻው ማስታወስ የለብህም። ሻዩን ግን ማታ አታብዛው፣ ስኳሩንም ቀንስ። የድሬን ሻይ ስኳር አውቀዋለሁ።

ቀፊራ፦

ስኳሩን ተይለት በናትሽ፣ እሱ ሰባተኛ ነው፣ ተራው አልደረሰም።

ለገሀር ማዶ፦

11 ሰዓት ላይ እኔም እዚያው ነኝ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት። ነጭ ኮፍያ አድርጋለሁ። ከሩብ ሰዓት በላይ አልጠብቅም።

ዋርያ ነኝ፦

እኔም እመጣለሁ አቦ። ሻዩን የሚከፍለው ማነው?

ስድስቱም በአንዴ፦

ፋዘር፣ እኔ የምመጣው ከተኛሁ በኋላ ነው። ካረፈድኩ ደውሉልኝ።

የከዚራ ጥላ፦

ስልኬ መሳቢያ ውስጥ ነው።